ግማሽ ጣት

ማታ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጠዋት ተንበርክካ አገኘኋት፣
ግራ ጎኗ መሬት ሊነካ፣ እንጃ በሌሊት ማን እንደመታት።
«ባሎኗ ተቀዷል» አለ ያየ ሁሉ በየተራ፣
አንዱ ጎማ እየረገጠ፣ አንዱ ጥርሱን እየፋቀ በወይራ።

እንድሪስ ግን ካርቶን አንጥፎ ከሆዷ ስር ገባ ተኝቶ፣
ቆየ፤ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ብቻ ተመርቶ።
ወጣ። እጁን ጠረገ። «ባሎኖቹ ደህና ናቸው፤
ታንኩ ነው የታመመው፣ እሱ ነው ትንፋሽ የነሳቸው።»

የታችኛውን ቡሎን ሲፈታው
ዝገት ዝገት የሚሸት ውሃ፣ ቀይ፣ እንደ ቦርከና ክረምት፣
ጫማዬ ላይ ተደፋ።
ከሚሌ ሐሩር ወደ ደሴ ጉም ስንወጣ ስንወርድ ዓመት ካመት
ጠብ ጠብ ሲል የኖረ ላብ፣
ብረቱን ከውስጥ የበላ፣ ማንም ሳያይ፣ በዝግታ።
«ማፍሰሻውን በየጠዋቱ ክፈት» ተብዬ ነበር፤
እኔ መስታወት እወለውላለሁ፣ ጠዋትም ማታ።

ሐረጎን በሚኒባስ ወጣን፤ ሸዋ በር፣ ከሙክታር ሱቅ።
ዓይኔ ትልቁ ላይ አረፈ፣ ቀይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣
የሰርግ ድስት የሚያህል፣ መቶ ሊትር የሚውጥ።
«ይሄን!» አልኩ። «ሆዷ ከሰፋ አትራብም፤ ምን አለ የሚያስመርጥ?»
እንድሪስ እንደ በር አንኳኳው፣
ጆሮውን አስጠግቶ፣ ውስጥ ሰው ያለ ይመስል ጠበቀ።
«ከሞተ መኪና የወረደ ነው፤ ቀለሙ ከፈኑ ነው።»
ሙክታር ሳቀ።

«ደግሞ ኮምፕሬሰሯን አስብ፤ ደረቷ እንደኔ ደክሟል፣
መቶ ሊትር ስትነፋ ይመሽባታል፣ ትግላለች፤
ለአራት ባሎን አርባ ይበቃል።»
ከኪሱ ሲባጎ አወጣ፣ ጠዋት ከቻሲዋ ስር የለካበት፣
አንድ ግራጫ ታንክ ላይ ዘረጋው፤ ቋጠሮው ከጫፉ ገጠመለት።
ዋጋውን ስንሰማ ግን ሁለታችንም ሳልን።
የልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ለሌላ ወር ተላለፈ፤
ታንኩን በጋቢዬ ጠቅልለን፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈን ወረድን።

ከሰዓት፣ ኮምቦልቻ፤ ብረቱ ሁሉ ይፋጃል።
«ከጭስ ማውጫው አርቀው፤ አየር ሲግል ይቆጣል።
ማፍሰሻው መሬት ይይ። ሐቢብ፣ ያዝ! ከፍ አድርግ!»
ከቀበቶው ስር ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጠውን ጎማ አነጠፈ።
«ብረት ከብረት ጋር ሲተኛ ሌሊቱን ይነካከሳል፤
ዓመት ሳይሞላው ይበሳል።»

በመጨረሻ ሎሚ የምታክል ቫልቭ በመዳፉ አሳየኝ፦
«ይህቺ ዘበኛ ናት። ፍሬን ሳይጠግብ ባሎን አይቀምስም።
የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ምቾት ይዞ አያቆምህም።»
ሃያ ዓመት ያን ቁልቁለት ስወርድ
ማን እንደሚጠብቀኝ ጠይቄ አላውቅም።

በአሮጌ የጺም ብሩሽ ሳሙና ቀባ በየመገጣጠሚያው።
ሦስቱ ዝም አሉ። አራተኛው ላይ አንዲት ዓይን ተከፈተች፣
አበጠች፣ አየችኝ፣ ፈነዳች።
ሩብ ዙር አጠበቀው። ጠፋች።

ሞተሩን አስነሳሁ።
እንደ ባቲ ገበያ ግመል፣ ኋላዋን አስቀድማ፣
እያቃሰተች ተነሳች።
«ቆመች!» አለ ሐቢብ፣ መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማ።

እንድሪስ አልጮኸም፤
ከጭቃ መከላከያዋ ትይዩ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመረ።
«ሌሊቱ ይናገር።»
ጋቢና ውስጥ ዓይኔ ተኝቶ፣ ጆሮዬ ነቅቶ አደረ።

ሲነጋ ወረድኩ። ከመስመሩ ግማሽ ጣት ዝቅ ብላለች።
«ይኸው!» አልኩት፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ፣ «አሁንም ታፈሳለች!»
ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከመስመሩ ስር አጋድሞ ለካ።
«አንተስ ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምታድረው?
ብርዱ ነው» አለ፤
ለማንኛውም ግን ሳሙናውን አነሳ።

እስከዛሬ የቱ እንደሆነ አልለየሁም፤ ብርዱ ይሁን ሌላ ቀዳዳ።
ብቻ ጠዋት ጠዋት፣ መስታወት ሳልነካ፣
እሷ ቆማ፣ እኔ ተንበርክኬ፣ ማፍሰሻዋን ስከፍት
አንድ ሁለት ጠብታ፤
ከዚያ ደረቅ ነፋስ፣ ፊቴ ላይ።