አግሮ

መዝገቡን ስገልጠው፣ ጠርዙ ተበልቶ፣
አንድ ቃል አገኘሁ በየገጹ ሞልቶ፦
«አግሮ፣ ሃያ በርሜል፤ አግሮ፣ ዘጠኝ ደግሞ፤»
የፕላቺዶ እጅ ነው፣ ወደ ግራ ዘሞ።
የእናቴ አያት ነው። በሎሚ ማፍያ፣
በመሲና ወደብ፣ በበርሜል መለኪያ
ዕድሜውን የቆጠረ። ከተማው ሲፈርስ፣
ምድር ስትናወጥ፣ ሰማይ ሲተራመስ፣
እሱ አልወጣም ካሉት፤ መዝገቡ ግን ወጣ፣
አቧራውን ለብሶ፣ እኔ ዘንድ መጣ።

ቃሉን ልፍታው እስቲ፦ ጎምዛዛ፣ ኮምጣጣ፣
ዓይን የሚያስጨፍን፣ ምራቅ የሚያመጣ፤
ይህ አንደኛ ፍቺው። ስም ሲሆን፣ ሲነገር፣
የሎሚ ጭማቂ፣ ከፍሬው ሲነጠር።
ጥሬው በመዳብ ጋን ሌት ተቀን ተንፍሮ፣
ዘጠኝ እጁ ተኖ፣ ዐሥረኛው ጠቁሮ፣
እንደ ሬንጅ ሲወፍር፣ «አግሮ ኮቶ» ይሉታል፤
በእንጨት በርሜል ሆኖ ባሕር ይሻገራል፤
ማንችስተር ይገባል፣ ለቺት ቀለም ማጥሪያ፣
ለመርከበኛ ድድ፣ ለደሙ ማቆሚያ።

ዛሬ ምግብ ቤት ገብቶ «በአግሮ» ያለ እንደሆን፣
ሎሚ ጠብ ያለበት ቆስጣ ነው፣ አንድ ሳህን።
ያን ጊዜ ግን ቃሉ ከሳህን ይሰፋል፤
ደረጃ ይወጣል፣ ጉሮሮ ያንቃል።

ላጮቹ ሴቶች፣ ቬኔራ መሪያቸው፣
ሎሚ የማያውቀው ቁስል የለም በእጃቸው።
ሲያንገበግባቸው፣ እህ ማለት ነውር ነው፤
«አግሮ ነው» ይላሉ፤ የሕመም ስሙ ነው።
የመጋቢት ንፋስ፣ የቬኔራ አማት፣
የዘገየ ደመወዝ፣ የቄስ ወቀሳ ብዛት፣
ሁሉም አግሮ ነበር በሴቶቹ አንደበት።

ሦስተኛ ፍቺ አለው። እሱን ትንሽ ላቆየው።
መጀመሪያ ሰውየው።

ቀማሹ ሌቴሪዮ ፊደል አልቆጠረም፤
ግን እንደሱ ምላስ በወደቡ የለም።
ነጋዴ አግሮውን በባሕር ሲበርዘው፣
ሌቴሪዮ በጣቱ አጥቅሶ ሲቀምሰው፣
«ዓሣ ዋኝቶበታል!» ይተፋል፤ አበቃ።
የወኪሉ ብልቃጥ ከሱ ኋላ ነቃ።
ሠላሳ ዓመት ቀምሶ፣ ጥርሱ ተሸርፎ፣
ዳቦ የሚበላው በወይን ዘፍዝፎ።

አንድ ማታ መጥቶ ከመዝገቡ ቆመ፤
በሻከረ ጣቱ ቃሉን ተሳለመ።
«ይኼ ምንድን ነው?» አለ። «አግሮ» አለ ፕላቺዶ።
«ይኼስ?» «እሱም አግሮ።» ሳቀ፣ ከሳል ጋር ተዋሕዶ።
«እኔ የማውቀው አግሮ ከኮረብታው ወገብ፣
አባቴ በድንጋይ እርከን የሠራው ግንብ።
ስድሳ ዛፍ ነበረው፤ ስድሳ አንደኛው እኔ፤
በአራጣ ሲወሰድ ተመለከትኩ በዓይኔ።
ሎሚው ይመጣልኛል በሰው በቅሎ ጀርባ፤
ሳፈላው አውቀዋለሁ፣ ሽታው ልቤ ሲገባ።»

ሦስተኛው ፍቺ ይህ፦ አግሮ ማለት ማሳ፣
ሞፈር የዋለበት፣ ጓሉ የተነሣ።
ሊቃውንት ይላሉ፦ «ዘር አይቆጥሩም ሁለቱ፤
የኮምጣጣው ሥሩ ከስለት ነው፣ ከጥንቱ፤
የማሳው ከአፈር ነው፣ ከሮማ መሬቱ፤
አፋቸው ገጠመ እንጂ፣ ለየቅል ነው ቤቱ።»

ይበሉ ሊቃውንት። ሌቴሪዮ ያላት ይቺ ናት፦
«ያለው ሰው ሲጠራው፣ አግሮ ማለት ርስት፤
የሌለው ሲጠራው፣ የምላስ ላይ እሳት።»

ፕላቺዶ ምን አለ? ምንም። ብዕር ነከረ።
በመዝገቡ ኅዳግ አንዳች ነገር ጫረ፦
ጥፍር የምታህል፣ ቅርንጫፏ የጎበጠ፣
ዛፍ ናት። ከዚያ ወዲህ፣ ገጹ በተገለጠ፣
ባንዳንዱ አግሮ ጎን አለች፣ ባንዳንዱም የለችም፤
ሎሚው ከማን ማሳ እንደመጣ ሌላ ሰው አያውቅም።

ቆጠርኳቸው። ስድሳ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስድሳ።
ከዚያ የካቲት ላይ፣ ያለ ዋጋ፣ ያለ ካሳ፣
«አግሮ» ይላል ብቻ። በርሜልና ቁጥር የለም።
ስድሳ አንደኛዋ ዛፍ ናት። ከሷ ወዲያ ቀለም የለም።