የቀባሪው አስተያየት

ማዘጋጃ ቤቱ ካርታውን ዘርግቶ፣
ለመርዝ ቀይ ክብ ሠራ፣ ከወይራው ዳር ገብቶ።
«ሸክላ ነው አፈሩ፣ ጠብታ አያሳልፍ፤
ሺህ ዓመት ያቅፋል የፋብሪካን ትርፍ»
አለ መሐንዲሱ፣ ሊዝበን የቀጠረው፤
ጥናቱ ተነበበ፣ ማኅተም ብቻ ቀረው።

ኤውዜቢዮ ተነሣ፣ የመንደሩ ቀባሪ፣
ኮፍያውን ጨምድዶ፣ እንደ ፈሪ ተማሪ።

«አርባ ዓመት ቆፈርኩት፣ ያንን መሬት እኔ፤
በሦስተኛው ክንድ ላይ ውኃ አየሁ በዓይኔ።
በባልዲ፣ በባልዲ ጨልፌ ጨልፌ፣
እናቴን አስተኛሁ፣ ጭቃውን ታቅፌ።
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤
ሸክላ ግን ይለቃል፣ ይህን ጥናት አያውቅም።
የኔ ሰው ይተኛል፣ አፈር ሆኖ አድሮ፤
ያንተ ግን ይነሣል፣ ከምንጩ ጋር አብሮ።»

ከንቲባ ዴሊንዳ ብርጭቆ አንሥታ፣
ሳትጠጣ አስቀመጠች፣ ብዙ ተመልክታ።

ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው።