ሠላሳ ሜትር በሠላሳ

ዳገቱን ለካሁት፣ የሣሩን ድርቀት፣
ፀሐይ ስታከር የምትውልበትን የደቡብ ፊት፣
ከሸለቆው ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት፤
ሁሉን ቁጥር አድርጌ፣ ቁጥሩን በቀለም ለውጬ
ከትዊስፕ በላይ ያለውን ተራራ
እንደ ጨርቅ ቆራረጥኩት፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፤
አንዱ ካሬ ሠላሳ ሜትር በሠላሳ።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ደም መሳይ ቀይ።
ቀይ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤
ሰው የሌለበት ገደል ሲነድ ቢያድር
አደጋ እላለሁ፣ ስጋት አልለውም።
ስጋት ደጃፍ ሲኖር ነው፣
የተሰጣ አንሶላ፣ የውሻ ቤት፣
ማታ ማታ መብራት የሚያበራ ሰው።

በአንዱ ቀይ ካሬ ውስጥ ወይዘሮ ኦርሊን ሃግስትሮም አሉ።
መሬቱን ካልረገጡ ካርታ ይዋሻልና ሄድኩ።
የእንጨት ክዳን፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ የክረምት ማገዶ፣
ከመስኮቱ ሥር ሟች ባላቸው የተከሉት ጥድ።
ካርታውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፦
«እኔ የትኛዋ ነኝ?»
ጣቴን አኖርኩ።
«ቀይ እኮ አይስማማኝም» አሉ።

ከጓሮ የድሮ ግንድ ጉቶ አለ፤ ተንበርክኬ ቀለበቱን ቆጠርኩ።
በየአሥር፣ በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ጠባሳ፦
የቀደሙት ሰዎች አውቀው ሲለኩሱት
እሳት መጥቶ ሣሩን ልሶ፣ ግንዱን ምሮ ሲሄድ።
ከዚያ መቶ ዓመት ምንም። ንጹሕ እንጨት።
ሰላም ይመስል ነበር፤
ለካ ዝምታው ራሱ ማገዶ ሲያከማች ኖሯል።

እሳት አመድ ወለደ ይባላል፤
ከዚህ ተራራ ጫፍ ግን
ካልነደደ ፍሬውን የማይፈታ ጥድ አለ።
ይህን ለወይዘሮ ኦርሊን አልነገርኳቸውም።
ቤት እንደ ጥድ አይደለም፣ ከአመዱ አይበቅልም።
«ካርታህ ቢሳሳትስ?» አሉኝ በሩ ላይ።
እኔ ልሳት እችላለሁ፤
እሳት ግን አይስትም።

በሰኔ ተመለስኩ።
ማገዶው ከግድግዳው ተነሥቶ
ሠላሳ እርምጃ ርቆ ተደርድሯል፤
ከመስኮቱ ሥር፣ በትኩስ ጉቶ ላይ፣
የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል።
ማን ቆረጠው አላልኩም።
«አሁንስ ምን ቀለም ነኝ?»

ካርታውን ዘረጋሁ። ሳተላይት ይህን አያይም፤
ካሬው ያው ቀይ ነው።
እርሳስ አውጥቼ ከወረቀቱ ጠርዝ
በደቃቅ ፊደል ጻፍኩ፦
እዚህ ሰው አለ። ማገዶዋን አንሥታለች።