ባልዲው

ቅዳሜ ነው። በርገን ዝናቧን ለብሳለች፤
ትኬት ቆራጯ ሴት ካፖርት ትሰቅላለች።
እኔ በርጩማዬ ላይ፣ በአጥንቶች አዳራሽ፣
አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ ዘበኛ፣ ወለል አባሽ።

የሚጠይቁኝን በቃሌ አውቀዋለሁ፤
«ሽንት ቤቱ የት ነው?» — በእጄ አሳያለሁ።
«ድቡ የእውነት ነበር?» — ነበር፤ አሁን ገለባ ነው።
«ምሳ የት ይበላል?» — ከድንጋዮቹ ክፍል ማዶ፣ ታች ነው።
ስለ ባልዲው ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅ።
ከዓሣ ነባሪው ስር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣
ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ሰው ሁሉ ያልፈዋል፤
ይህን ሁሉ ዝናብ የትኛው ጣሪያ ይችለዋል?

ዝናብ ግን አይደለም።
አጥንቱ ነው፤
በሰንሰለት ታስሮ ከጣሪያው የዋለ፣
ባሕር ከለቀቀ ከመቶ የዘለለ፣
እስከ ዛሬ ድረስ ዘይቱ ያላለቀ፣
ከጎኑ፣ ከመንጋጋው ጠብታ እያፈለቀ።
ጧት ጧት በጉልበቴ ወለሉ ላይ ወርጄ፣
እፈትገዋለሁ ብሩሼን ጨምድጄ።
ባሌ እራት ሲቀርብ ጎኔ ያሸተኛል፤
ክፉ አይናገርም፤ ወንበሩን ሸሸት ያደርጋል።

«ቱቫ! አትሩጪ!» — ድምፅ ከደረጃው፤
ከዚያ ቢጫ ቦቲ፤ ከዚያ ሽማግሌ፣ በእጁ ኮፍያው።
የባሕር ወፎቹን በሩጫ አለፈቻቸው፣
የብርጭቆ ዓይናቸው ቢከተላትም ከመስኮታቸው፤
መጥታ ከዓሣው ስር በጀርባዋ ተኛች፤
የጎን አጥንቱን በጣቷ መቁጠር ጀመረች።
አንድ… አራት… ዘጠኝ… አስራ አንድ ላይ ስትደርስ፣
ጠብ አለ ግንባሯ ላይ፤ ወረደ እስከ አፍንጫዋ ድረስ።

ተነሥቼ ነገርኳት ዘይት መሆኑን፣
መቶ ዓመት ሙሉ አጥንቱ ማንጠባጠቡን።
ጠርጋ አሸተተች፤ ፊቷ ተኮማተረ፤
«አያቴ፣ አሽትት!» ብላ ጣቷን ሽቅብ ዘረጋችለት።
አሸተተ።
ኮፍያው ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ቀረ።

ለእሷ ይሁን ለእኔ፣ ወይ ለአጥንቱ፣ እንጃ፤
«አስራ ሰባት ነበርኩ» አለ። «ደቡብ ባሕር፣ መርከብ ላይ። የስብ ማቅለጫው ምድጃ
ሌት ተቀን አይጠፋም። ፍራሼ ይሸታል፣ ዳቦዬ ይሸታል፣
ሕልሜ እንኳ ይሸታል።
ስመለስ እናቴ በሩን አልከፈተችም፤
በረዶ ላይ አስወለቀችኝ፤ ካልሲ እንኳ አልተወችም።
ልብሴን በመንሽ አንሥታ አቃጠለች።
በደሞዜ ግን»፣ ሣቅ አለ፣ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛች።»

«ይህን የገደልከው አንተ ነህ?» አለች ቱቫ።

«ይህን አይደለም።»

«ይህን» የምትለው ቃል
ከመንጋጋው ይልቅ ከብዳ
አዳራሹ መሐል ተንጠለጠለች።
ልጅቷ ሰማቻት፣ አልሰማቻትም፣ ማን ያውቃል።
እኔም ያለኝ መልስ የሽንት ቤቱ ብቻ ነው።

ቱቫ ተንበርክካ ቀና ብላ አየች፤
አንድ ዓይኗን ጨፍና መስመሩን ለካች፤
ባልዲውን ገፋችው፣ ስንዝር ተኩል ያህል፣ ወደ ግራ።
ሦስታችንም ጠበቅን፣ አንገት ሽቅብ፣ ማንም ሳያወራ።

ጠብ።
መሐሉ ላይ።

ለካ አስራ ዘጠኝ ዓመት
ስንዝር ተኩል አርቄ ኖሯል ያስቀመጥኩት።

ሽማግሌው ኮፍያውን አነሣ፤ ግን አልደፋውም።
«ምሳ የት ይበላል?» አለኝ።
በእጄ አሳየሁት። አፌ አልታዘዘኝም።