አየር ሻጭ

አየር ሻጭ ነኝ እኔ፣ ከአወይቱ ድልድይ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ለጎማ ስሰፍር፤
ለባጃጅ አምስት ብር፣ ለአይሱዙ አሥር፣
የማይታይ ዕቃ በላስቲክ ሳስር።
ታፔላዬ ላይ ግን «ጎሚስታ» ነው ያለው፤
«አየር እሸጣለሁ» ብልስ ማን ሊያምነው?

አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጅሬን ላይ ደመናው ገና ሳይጠራ፣
ራውዳ መጣች፣ ቧንቧ በትከሻዋ፣
የአሥራ አንደኛ ክፍል፣ ጭቃ ነው ጫማዋ።
«ጋሼ ጦይብ» አለች፣ «ኮምፕሬሰር አውሰኝ፤
መድፍ ልሠራ ነው፣ አንድ ሰዓት ታገሠኝ።»

መድፍ!
የያዝኩት ከመነዳሪ ከእጄ ላይ አመለጠ፤
ማዶ ሻይ የሚጠጣው ሚሊሻ አፈጠጠ።
«ባሩድ የለው ጋሼ፤ የአቮካዶ ፍሬ፣
እሷን ነው የሚጎርስ፤ ለፊዚክስ ነው ዛሬ።»
ጅማ ላይ አቮካዶ ከድንጋይ ይበዛል፣
ፍሬውን ማን ያየዋል፤ ቦይ ውስጥ ይጣላል።

ቧንቧውን በጡብ ደግፋ፣ በክር ዳዶ አንጠልጥላ፣
ዲግሪውን ደብተር ላይ ጽፋ፣ በእስክሪብቶ ከልላ፣
ፍሬዋን ቧንቧው ጎርሶ፣ አየሬን ሞልቼ፣
ቫልቩን ብትከፍተው —
ዱብ!
ዶሮው ተበተነ፤
እኔም ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ ፈርቼ።

«ከአፉ ከወጣች» አለች፣ «ከዚያ ወዲያ ገፊ የላት፤
ሁለት ጉዞ ነው ያላት፤
አንዱ ወደ ማዶ፣ አንዱ ወደ መሬት።
አንዱ የአንዱን አያውቅም፣
እንደ ቀበሌ ቤት ጎረቤት፣
ግድግዳ ተካፍለው ሰላም ሳይባባሉ ሃያ ዓመት።»

አላመንኩም። ቧንቧውን አጋደመችው።
በአፉ ልክ ሌላ ፍሬ ይዤ ቆምኩ፤
እሷ ስትለቅ ለቀቅኩ።
የኔዋ እግሬ ሥር፣
የሷ ከሣሩ ዳር።
ታናሽ ወንድሟ አብዱሰላም ከዚያ ጨርቅ ቢያውለበልብ፣
«እኩል ነው! እኩል ነው!» —
ልጁ ግን ውሸታም ነው፤ እኔ ምን ላስብ?

ቀጥሎ ቀና አደረገችው። መጽሐፉ አርባ አምስት ይላል፤
እሷ አርባ ላይ ብታደርገው የበለጠ ይርቃል።
«ለምን?» ብላት፣ «አየር ነዋ ጋሼ! መጽሐፉ ረስቶታል፤
ፍሬዋን ከፊት ይይዛታል።»

ከኋላ የገፋት አየር፣ ከፊት የያዛትም አየር!
ሃያ ሁለት ዓመት ስቸረችረው ስኖር፣
ሁለት ፊት እንዳለው አልነገረኝ ነበር።

ዘጠነኛዋ ፍሬ ወንዙን ተሻገረች፤
የወይዘሮ አምሳለን ቆርቆሮ አንኳኳች።
ሴትዮዋ በድልድዩ ዞራ፣ ፍሬዋን ጨብጣ፣
ልትሳደብ ብትመጣ፣
ራውዳ ሜትር ይዛ፣
«እማማ፣ የቱ ቆርቆሮ ላይ? ከጫፉ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤
ሴትዮዋም ስድቡን ረስታ፣
በስንዝር አስልታ ነገረቻት።

መጨረሻ ላይ ጡቡ ተሰበረ።
«እኔ ልያዘው» አልኩ፣ ደረቴ ላይ አስደግፌ።
ዱብ!
ፍሬዋ ወደ ማዶ፣ እኔ ወደ ኋላ፤
ግማሽ እርምጃ ናት፣
ጀርባዬ ከጎማው ክምር ሲጣላ።
ራውዳ አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ ጻፈች።
«የላከ ሁሉ» አለች፣ «ወደ ኋላ ይገፋል።
እሷ ቀላል ናት፣ ትርቃለች፤
አንተ ከባድ ነህ፣ እምብዛም አትነቃነቅ፤
ግፊቱ ግን እኩል ነው ጋሼ፤
ለሷ አይበዛም፣ ላንተ አያንስም።»

ሰኞ ሦስተኛ ወጣች።
አንደኛው በባትሪ የሚሠራ የትራፊክ መብራት ነበር፤
ከተማው ራሱ የሌለው።
ቧንቧው እኔ ዘንድ ቀረ፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ
ሸረሪት አድርታበታለች።

ማታ ስዘጋ አንዳንዴ አየውና
ልጄ ኑረዲን ትዝ ይለኛል፤
የዛሬ አራት ዓመት፣ ገና ሳይነጋ፣
ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ጅግጅጋ ስሸኘው፣
አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሲወጣ፣
የመናኸሪያው አጥር ላይ ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ደክሞኝ መስሎኝ።