እጅጌዬን ሰብስቤ

ባትሪ የለው፣ ገመድ የለው፣ እንደ ሻሽ ይተጣጠፋል፤
ከገላ ሙቀት፣ ከውጭ ብርድ፣ ልዩነቱን ያተርፋል።
ነርሷ እንግዳሸት አስራልኝ፣ «ልብህን ከዚህ እሰማለሁ፤
አረንጓዴዋ ነጥብ እስከበራች፣ ጋሽ ደምመላሽ፣ አለህ እላለሁ።»

በጥር ውርጭ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከፋብሪካው በር ስጠብቅ፣
እኔ ስንገጫገጭ እሷ እንደ ጅብ ዓይን ስትደምቅ፣
ስሰድበው የኖርኩት ብርድ መብራት ከፋዬ ሆኖ አረፈ።

ሚያዝያ፣ ለሽንኩርት ጭነት፣ መኪናችን ጣርማበርን አለፈ።
ሸዋ ሮቢት፤ አየሩ ገላዬን አከለ፤
ነጥቧ ጠፋች። ስልኬ ጮኸ፤ «ጋሼ?» ድምጿ ዋለለ።
«አለሁ፤ ሙቀቱ ነው። እኩል ከሆነ አይነግርም።»
ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አትዘጋም፣ አትናገርም።

ስንመለስ፣ ከዋሻው አፍ፣ ጉሙ በጥፊ ተቀበለኝ፤
እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሾፌሩ «አበድክ እንዴ?» አለኝ።

ትየኝ ብዬ ነው።