ደብተር ዝጉ

ሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፤ ሰባተኛ «ለ»፣ ደምበጫ።
ስልሳ አራት ልጅ፣ ሃያ ዴስክ፤ ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ
እስኪያባራ ጠበቅሁና «ደብተር ዝጉ» አልኋቸው።
ክው አሉ፤ ፈተና መስሏቸው።
«ማርክ የለውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ያየነውን፣
ደም ከልብ ወጥቶ የሚሄድበትን፣ ዞሮ የሚገባበትን፣
ባዶ ወረቀት ላይ ሳሉልኝ።
የጠፋችሁንም፣ ጠፋኝ በሉኝ።»

ዝም።
እኔም ዝም።

ያኔማ፣ ሳስረዳ፣ አንገቱን የማይነቀንቅ አልነበረም፤
«ገብቶናል ቲቸር!» ሲሉኝ፣ ሁለቴ አልጠየቅሁም።
ጠመኔዬን አራግፌ ወጣሁ፤ ምዕራፉን ዘጋሁት።
«ልብ በሉ!» ስል ከርሜ፣ ልብን ራሱን ረሱት።

ክረምት ላይ፣ ማርቆስ ኮሌጅ፣ ስለ አእምሮ ሥልጠና ነበረ።
ቀጭኑ አሠልጣኝ፣ ጥናት እየጠቀሰ፣ ቀኑን ሙሉ ተናገረ፦
«ደጋግሞ ካነበበው ይልቅ፣ መጽሐፉን ዘግቶ የታገለው፣
ሰንብቶ ሲጠየቅ እሱ ነው የሚበልጠው።
ሊረሳው ሲል ጠይቁት፤ ያኔ ነው የሚጠብቀው።»
ከኋላ ተቀምጬ ሳቅሁ። ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ።
ማታ፣ አልጋዬ ላይ፣ ምን ነበር ያለው? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤
ቀጭን መሆኑን ብቻ አስታወስሁ።

ዛሬ ደግሞ አቶ እንዳላማው ከወረዳ ለግምገማ መጥተው፣
ኋላ ዴስክ ላይ፣ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣
ሰዓታቸውን አዩ። እኔን አዩ። ጻፉ።
ስድስት ደቂቃ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ አፌን በላኝ።
ዋጥሁት።

አንጓች፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ልብ ስላለች፤ ድንች የመሰለ።
በአንዱ በር ደሙን አስወጣች፤ እስከ እግር ጣት ወረደ፤ ተመለሰ፤
ከዚያ እርሳሷ ቆመ። በጣቷ አሸችው፤ ወረቀቱ ሳሳ።
«ቆይ ቲቸር፣ እንዲህ እንደቆሸሸ ዞሮ አይወጣማ!
አንድ ነገር አለ የተረሳ…
ሳንባ!»

የነገርኋት ለት እንዲህ አልጮኸችም።

ደወል። አቶ እንዳላማው ቅጹን ሰጥተውኝ ወጡ፣ በችኮላ።
«ገለጻ፦ ዝቅተኛ። ለዘጠኝ ደቂቃ ትምህርት አልተሰጠም።»
ኅዳጉ ላይ ግን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ አንድ ልብ ተስሏል፤
ሁለቱም በሮች ክፍት፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት።
ሳንባ የለውም።

ሐሙስ እንደገና እጠይቃለሁ።
ከዚያ ደግሞ፣ ሊረሱት ሲሉ፣ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ።